በቅሎ ናት ወይስ ጫማ? ከእስቴ እስከ ስማዳ የብስክሌት ሥራዬ

አሁን የምሠራው ንፋስ መውጫ፣ አንዲት ጠባብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው መታወቂያ፣ የሰው ማመልከቻ፣ የሰው ሰርተፊኬት መስታወት ላይ አስተኛለሁ። መብራት ካለ ብርሃኑ ያልፍበታል፤ ከሌለ ከባለ ጉዳዩ ጋር ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። ሥራው ዝምተኛ ሰው አይጠላም። ሰው ወረቀቱን ይሰጠኛል፣ "ስንት ላንሣ?" እላለሁ፣ ያበቃል።

ስለ ቀድሞ ሥራዬ ለመጻፍ ያሰብኩት አንድ ገበሬ ኮፒውን ሲጠብቅ ትክ ብሎ አይቶኝ "አንቺ ያቺ ሴቶቹን ጎማ ላይ ስታወጣ የነበረችው ልጅ አይደለሽም?" ካለኝ በኋላ ነው።

"ነበርኩ" አልኩት።

"ታዲያ የት ደረሰ?"

በቀና ልብ ነበር የጠየቀኝ። ኮፒውን አጥፌ ሰጠሁትና ወደሚቀጥለው ሰው ዞርኩ። ማታ ቤቴ ገብቼም ጥያቄው አልለቀቀኝም። ያኔ ልመልስለት ያልቻልኩትን እዚህ እጽፈዋለሁ።

ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት የገጠር ልማት ነው። ተመርቄ ደብረ ታቦር እናቴ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ አንድ ፕሮጀክት በእስቴ፣ በጋይንትና በስማዳ የብስክሌት አስተባባሪ እንደሚፈልግ ሰማሁ። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ባጃጅ በማይደርስበት ቀበሌ የሚሠሩ የጤናና የግብርና ሠራተኞች፣ ረጅም መንገድ በእግራቸው የሚመላለሱ ተማሪዎች፣ በተለይም ሴቶች ልጆች፣ ብስክሌት ቢሰጣቸውና መንዳት ቢለምዱ ሥራውም ትምህርቱም ይቀናል የሚል ነው። እኔ መንዳት የለመድኩት በልጅነቴ በየክረምቱ ባሕር ዳር አክስቴ ዘንድ ስለምሄድ ነበር። ከተወዳደርነው ውስጥ መንዳት የምትችል ሴት እኔ ብቻ ስለሆንኩ ቀጠሩኝ። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ስለሱ ሌላ የምለው የለኝም።

የመጀመሪያ ምድቤ የእስቴ ከተማ መካነ ኢየሱስ ነበር። እዚያ የነበረው አለቃዬ ድምፅ የሚወድ ሰው ነው። ገና በገባሁ ሰሞን፣ ገበያ በቆመበት ቀን፣ ድምፅ ማጉያ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ።

"እመቤት፣ ሕዝቡን ቀስቅሺልኝ።"

"ምን ብዬ?"

"'ብስክሌት ለጤና፣ ብስክሌት ለልማት' በያ! ዲግሪ አይደል እንዴ ያለሽ?"

ገበያው መሐል ቆምኩ። ድምፅ ማጉያውን ከፈትኩት። በገበያው ሙሉ የሚሰማው የራሴ ትንፋሽ ብቻ ነበር። እህል የምትሸጥ ሴት ቀና ብላ አየችኝና "ምነው ልጄ፣ አመመሽ እንዴ?" አለች። ዙሪያዋ ያሉት ሳቁ። ሌላ ምን እንደማደርግ ስላላወቅሁ ማጉያውን መሬት አስቀምጬ ብስክሌቱ ላይ ወጣሁ። በእህል ተራና በጨው ተራ መካከል፣ በሰውና በአህያ መካከል፣ ቀስ ብዬ ዞርኩ። ሰው ግብይቱን ትቶ ማየት ጀመረ።

"እያት እያት! መሬት ሳትረግጥ ትሄዳለች!"

"ኧረ በርበሬዬን! በርበሬዬን ልትሄጂበት ነው!"

"ተዋት፣ ጎማዋን ያስነጥሰዋል!"

አለቃዬ በጣም ደስ አለው። በሪፖርቱ ላይ "ሰፊ ቅስቀሳ ተካሂዷል" ብሎ ጻፈ። እኔ ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁ፤ የዚያን ቀን ማታ እራትም አልበላሁ።

ጋሽ ደምሴ የመጡት ከዚያ ጥቂት ቆይቶ ነው። ባሕር ዳር ዕድሜያቸውን ሁሉ ብስክሌት ሲጠግኑ የኖሩ፣ ፀጉራቸው ያለቀ፣ ረጅምና ቀጭን ሰው ናቸው። ፕሮጀክቱ በአሰልጣኝነት ቀጠራቸው። ስለዚህ ሥራ የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት ከሳቸው ነው። ብዙ አይናገሩም። ደረት ኪሳቸው ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ጨርቅ አለ፤ ሰው ሲያናግሩም እጃቸው ብስክሌቱን እየጠረገ ነው። ብስክሌት ሲያመጡላቸው ምኑ እንደተበላሸ አይጠይቁም። ገልብጠው ያቆሙትና ጎማውን አሽከርክረው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። "ስሚው" ይሉኛል። መጀመሪያ ምንም አይሰማኝም ነበር። በኋላ የጎማው ብረት፣ ቸርኬው፣ ሲጎብጥ ጎማው ፍሬኑን በየዙሩ አንዴ ነካ አድርጎ እንደሚያልፍ፣ ሰንሰለቱ ሲደርቅ እንደ ጫጩት ጭው ጭው እንደሚል ለየሁ።

የኮርቻን ከፍታ ለመለካት ተረከዝን ፔዳሉ ላይ አድርጎ ጉልበትን መዘርጋት ነው። ጀማሪን ለማስተማር ሁለቱንም ፔዳሎች ፈትቶ፣ ኮርቻውን ዝቅ አድርጎ፣ በእግሩ መሬቱን እየገፋ ሚዛኑን ራሱ እንዲያገኘው መተው ነው፤ ከኋላ ይዞ መሮጥ ፍርሃቱን ያቆይበታል። ሰንሰለት ላይ ከማሽን ዘይት በቀር ሌላ አይነካም። በዚህ ነገር ጋሽ ደምሴ ይቆጡ ነበር። አንድ የግብርና ሠራተኛ ወጥ ቤት ያገኘውን የኑግ ዘይት ቀብቶ ሲመጣ፣ እንደዚያ ሲቆጡ ያየሁበት ሌላ ጊዜ የለም።

"ይኼ ሲቀባ ያብረቀርቃል፤ ሲውል ሲያድር ግን ይደርቃል፣ አቧራውን ይጠጣል፣ ሙጫ ይሆናል። ሰንሰለትህን በገዛ እጅህ አሰርከው እኮ ልጄ!"

ከሁሉ በላይ ግን የሚያጠብቁት ስለ መንገድ ነበር። ብስክሌት የሚሄድበትን መንገድ አስቀድመው በእግራቸው ሳይሄዱበት ማንንም አይለቁም። ነጂው በሚሄድበት ሰዓት፣ ፀሐዩ በሚመጣበት አቅጣጫ፣ መሄጃውንም መመለሻውንም ያዩታል። ቁልቁለት ሲያጋጥማቸው ቁመው ወደ ላይ ወደ ታች ያዩና ሁልጊዜ ያንኑ ይሉኛል። "የኋላውን ፍሬን አስቀድሚ፣ ሰውነትሽን ወደ ኋላ ጣይ፣ ሩቅ እዪ። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ሐሳብሽን አትቀይሪ። ልትቆሚ ከሆነ ከላይ ቁሚ። ከጀመርሽ ጨርሺው።"

እስቴ ላይ መጠነኛ ነገር ሠርተናል ብዬ አስባለሁ። ዘውዴ የምትባል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበረች፤ ልጇን አዝላ ለዓመታት ቤት ለቤት የዞረች፣ ቀልድ የማያልቅባት ሴት። የክትባት ሳጥኑን ከኋላ አስራ ትሄድ ነበር። ክረምት ሲገባ ግን ጥቁር አፈሩ ጎማው ላይ እየተጠቀለለ አላንቀሳቅስ አለ። አንድ ቀን ጭቃ በጭቃ ሆና፣ ብስክሌቱን ትከሻዋ ላይ ተሸክማ ስትመጣ አየናት።

"ጋሽ ደምሴ!" አለች ከሩቅ። "ልጅ ማዘል አውቅበታለሁ፤ ጎማ ያለው ልጅ ማዘል ግን ዛሬ ገና ለመድኩ!"

ጋሽ ደምሴ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። መስከረም ሲጠባ ሌላ ቀበሌ አዛወሯት፤ ቀበሌው ገደላ ገደል ስለነበረ ብስክሌቱን መለሰችው። ያኔ ብቻዬን ሆኜ ያሰብኩት ነገር አለ። ይህ ሥራ የቆመው ባልታጠቡ፣ ባልተናዱ ጥቂት መንገዶችና ባልተዛወሩ ጥቂት ሰዎች ላይ ነው ብዬ ነበር። ለማንም አልተናገርኩትም።

ሁለተኛው ምድቤ ጋይንት ነበር፤ እዚሁ ንፋስ መውጫ የቆየሁት ለአጭር ጊዜ ነው። የዚህኛው አለቃዬ የሚፈልገው "ስንት ተጠቃሚ?" የሚለውን መልስ ብቻ ነበር። ዳገቱ ላይ ንፋሱ ፊት ለፊት ሲመጣ ፔዳሉን እየረገጥኩ ባለሁበት የምቆም ይመስለኛል። የባጃጅ ሾፌሮች አጠገቤ ሲደርሱ ቀዝቀዝ ያደርጋሉ።

"እህት፣ ነዳጅ አለቀብሽ? ልጎትትሽ?"

"ኧረ አትጎትታት፣ ንፋሱ ይዟት ወደ ኋላ ደብረ ታቦር ያደርሳታል!"

መሬት መሬት እያየሁ አልፋቸዋለሁ።

ሦስተኛው ምድብ ስማዳ ነበር። ከዚያ ወዲያ የምጽፈው ሁሉ ስለ አንዲት ልጅ ነው።

ሾላ ሜዳ ከወረዳው ከተማ ወደ ቆላው ወረድ ብሎ ያለ መንደር ነው። ስምንተኛ ክፍል የጨረሱ ልጆች ዘጠነኛን ለመማር ወደ ከተማው ይወጣሉ፤ አብዛኞቹ ቤት ተከራይተው ከሰንበት እስከ ሰንበት እዚያው ይከርማሉ። አንጓች የምትባል ልጅ ግን በዚያ ዓመት አልወጣችም። ጥሩ ውጤት አምጥታ ቤቷ ቀርታ ነበር። ከጋሽ ደምሴ ጋር ቤታቸው ስንሄድ አባቷ አያ ታከለ ቃላቸውን መረጥ መረጥ እያደረጉ ነገሩን።

"ታላቋን ልኬ ነበር። ከተማ ተከራይታ ስትማር አንድ ቀን ሰው መጥቶ ዓረብ አገር ሄደች አለኝ። ድምጿን ከሰማሁ ቆየሁ። ይቺንም ትማር እላለሁ፤ መማሯን ጠልቼ አይደለም። ግን ጀንበር ሳትጠልቅ ቤቴ ትግባልኝ። በእግር ደግሞ አትደርስም። እንግዲህ በዚህ ነገራችሁ ከደረሰች ትሂድ። አንድ ቀን ያመሸች ዕለት ግን በቃ።"

አንጓች በር ጥግ ቆማ ነበር። እንደኔ ዝምተኛ ልጅ መሆኗን አየሁ።

አስተማርናት፤ ከሌሎች የመንደሩ ልጆች ጋር። ለመለማመጃ የሚሆን ጠፍጣፋ መሬት ስላልነበረ፣ እህሉ ከተወቃ በኋላ ባዶ የቀረውን አውድማ ለመንን። በእበት ተለቅልቆ የደረቀ፣ እንደ ሲሚንቶ የለሰለሰ ነው። ልጆቹ ፔዳል በሌለው ብስክሌት መሬቱን በእግራቸው እየገፉ ዙሪያውን ሲዞሩ ገበሬዎቹ ክምር ተደግፈው ያያሉ።

"ዘንድሮ በበሬ ፋንታ በጎማ ልታበራዩ ነው እንዴ?"

"ምን አለበት? ጎማ እህል አይቅምም!"

አንጓች ለብዙ ቀን ከሁሉ ኋላ ነበረች። ከዚያ አንድ ጠዋት ሁለት እግሯን አንሥታ አውድማውን አንድ ዙር ዞረች፤ ሁለተኛ ዞረች፤ መቆሚያው ጠፋትና ጭዱ ክምር ውስጥ ገባች። ጭድ ከፀጉሯ እየለቀመች "ቲቸር፣ አሁን ፔዳሉን ይግጠሙልኝ" አለችኝ። ከሷ የሰማሁት የመጀመሪያው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይኸው ነው።

የቀረው መንገዱ ነበር። ጋሽ ደምሴና እኔ በእግራችን ሄድንበት። ጠዋት አብዛኛው ዳገት ስለሆነ እየገፉ መውጣት ነው፤ ከሰዓት መመለሻው ግን ቁልቁለት ነውና ፍጥነቱ የሚገኘው እዚያ ነው። ከትምህርት ቤት መልስ ጀንበር ሳትጠልቅ ቤት የሚያስገባትም ያ ቁልቁለት ብቻ ነው። ጋሽ ደምሴ መሐሉ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። መንገዱ እዚያ ላይ ጠጠሩ ይፈታል፤ ወደ ግራ ይታጠፋል። በስተቀኝ፣ ከመንገዱ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም ነው።

"ልጆቹ እዚህ ይወርዳሉ?" አሉኝ።

ደብረ ታቦር ያደግኩ ብሆንም ይህን የማላውቅ አይደለሁም። በዚህ አገር በበቅሎ የሚሄድ ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ይወርዳል፤ ተሳልሞ፣ በእግሩ አልፎ፣ ራቅ ሲል መልሶ ይወጣል። ለካህንና ለታላቅ ሰውም እንዲሁ ይወረዳል። ልጆቹ እዚህ ከወረዱ በሚንከባለል ጠጠር ላይ፣ እጥፋቱ መሐል ነው የሚቆሙት። ከላይ ከወረዱ ደግሞ ቁልቁለቱን ሁሉ በእግር ሊሄዱ ነው፤ ጀንበር ትቀድማቸዋለች።

የሚቀጥለው ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ነገሩን ለመንደሩ ሰው አቀረብን። አንድ አያ ካሴ የሚባሉ ሽማግሌ ዘንጋቸውን ተመርኩዘው ተነሡ።

"እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ። ይቺ ነገር በቅሎ ናት ወይስ ጫማ?"

"ምን ማለትዎ ነው አያ?"

"በቅሎ ከሆነች ሚካኤል ደጅ ላይ ይወረዳል። ጫማ ከሆነች ግን ጫማውን አውልቆ በመንገድ የሚያልፍ የለም።"

"በቅሎማ እንዳትባል አትበላ!" አለ አንዱ።

"ነፋስ ትበላለች! ሲነፏት አላየህም?"

አንዲት ሴት ከኋላ "እንግዲህ አትወልድም፤ በዚያስ በቅሎን መስላለች" አለችና ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ጋሽ ደምሴ በክርናቸው ነካ አደረጉኝ። ልጆቹን የማውቃቸው እኔ ነኝና መናገር ነበረብኝ። ተነሣሁ። የደብሩን ካህን መምሬ ሞገስን ብቻ እያየሁ፣ የማወራው ለሳቸው ብቻ እንደሆነ ለራሴ እየነገርኩ፣ ነገሩን ገለጽኩ። ኋላ ያሉት አልሰማቸውም። "ምን አለች?" ሲባባሉ ይሰማኛል። መምሬ ሞገስ ግን ሰሙኝ።

"እስኪ ልየው" አሉ። መቋሚያቸውን ይዘው ቁልቁለቱን ሄዱበት። ወረዱ፣ ወጡ፣ ጠጠሩን በመቋሚያቸው ጫፍ ነካኩት። ጋሽ ደምሴ ከኋላቸው እየተከተሉ ፊታቸው በርቶ ነበር፤ እንደሳቸው መንገድን በእግሩ የሚያይ ሰው አገኙ።

መምሬ ተመልሰው ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ ተናገሩ። "ፈራጁ ልብን የሚያይ አምላክ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ያሉ ልጆች በልባቸው ይሳለሙ፤ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ይለፉ። አይውረዱ። ፈቅጃለሁ።"

"እርስዎን መንገድ ላይ ካገኙስ አባታችን?" አልኩ። እንዴት እንደደፈርኩ አላውቅም።

"ለኔም ቢሆን አይውረዱ።"

አያ ታከለ ከሰው መሐል ሆነው ሰምተዋል። መምሬ ሞገስ የቤታቸው የንስሐ አባት ናቸው፤ አንጓችን ያጠመቋትም እሳቸው ናቸው። አያ ታከለ መጥተው መስቀል ተሳለሙና "እንግዲህ ከተፈቀደ" አሉ።

ከዚያ ወዲያ ያሉት ወራት በዚህ ሥራ ከኖርኩት ሁሉ ጥሩዎቹ ናቸው። መስከረም ላይ አንጓች ዘጠነኛ ክፍል ገባች። ጠዋት ብስክሌቷን እየገፋች ትወጣለች፤ በቀሚሷ ሥር ሱሪ ለብሳ፣ ነጠላዋን ሰንሰለት እንዳይዝባት በወገቧ አስራ። ከሰዓት ትወርዳለች። አንድ ቀን አላመሸችም። ሰንሰለቷን በየሳምንቱ ትጠርጋለች። ጎማዋ በእሾህ ሲወጋ የውስጡን አውጥታ፣ ውሃ ውስጥ ነክራ፣ አረፋው የሚወጣበትን በጣቷ ይዛ ትለጥፈዋለች። ጋሽ ደምሴ "ይቺ ትሰማለች" ይሉኝ ነበር። ከሳቸው ከዚህ የበለጠ ምስጋና አይወጣም። የሒሳብ አስተማሪዋ ወደ ፊት ወንበር እንዳዛወራት ነገረችኝ። ሲያናግሯት ብቻ የምትናገር ልጅ ያን ያህል በራሷ ፈቃድ ማውራቷን አስታውሳለሁ።

የወደቀችው በጥር ነው። ትምህርት ቤቱ ግቢ የሌላ ልጅ ፍሬን እያጠበቅሁ ሳለሁ መጥተው ጠሩኝ።

አብረዋት የነበሩት ልጆች እንደነገሩኝ፣ እሷ ከፊት ነበረች። ቁልቁለቱን እንደተማረችው ጀምራዋለች፤ የኋላውን ፍሬን ይዛ፣ ሰውነቷን ወደ ኋላ ጥላ። በሌሎቹ ቀናት በዚያ ሰዓት ደጀ ሰላሙ ላይ ማንም አይኖርም። የዚያን ቀን ግን መምሬ ሞገስ ከተዝካር ሲመለሱ ጥላቸውን ዘርግተው እጥፋቱ ላይ ቆመው ነበር። የሚመጡትን ልጆች አይተው ሊባርኩ መስቀላቸውን አነሡ። አንጓች የፊት ፍሬኑን ጨመቀች። ብስክሌቱ ከኋላው ተነሣና በፊት ጣላት።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ጠየቅኋት። ለምን እንዳላለፈች አልተቆጣኋትም፤ ማወቅ ብቻ ነበር የፈለግሁት።

"በልቤ ልሳለም ነበር ቲቸር። ራሴንም ዝቅ አድርጌ ነበር። ከዚያ ሳያቸው፣ እኔ ከላይ ነኝ፣ እሳቸው ከታች ናቸው። ከላይ ሆኜ አየኋቸው። አልቻልኩም።"

በቃሬዛ ጤና ጣቢያ ወሰዷት፤ ከዚያም ወጌሻ አሻት። የተጎዳው ጉልበቷ ዳነ፤ ግን አልታጠፍ አለ።

የተኛችበት ቤት ስንሄድ መምሬ ሞገስ ደጅ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ጋሽ ደምሴን ሲያዩ ተነሡ።

"ፈቅጄላት ነበር እኮ!" አሉ። "በሰው ፊት ፈቅጄ ነበር። 'ለኔም ቢሆን' ብዬ ነበር። ምን አጠፋሁ?"

"ምንም አላጠፉም አባቴ።"

"ታዲያ ማን አጠፋ?"

ጋሽ ደምሴ ጨርቃቸውን ከኪሳቸው አውጥተው በእጃቸው ጨበጡት። የሚጠርጉት ነገር አልነበረም።

አያ ታከለ አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገሩንም። ይህ ከወቀሳ ይብሳል። "ትማር" ያሉትንም ቃል አላጠፉም፤ ልጃቸው መቆም ስትችል በቅሏቸው ላይ አስቀምጠው፣ ራሳቸው እየሳቡ፣ ትምህርት ቤት ማድረስ ጀመሩ። ከሰዓትም ሄደው ይመልሷታል። ገበሬ ሰው ናቸው፤ የእርሻ ጊዜ ነበር። ጠምደው መዋል ሲገባቸው በቅሎ ሲስቡ ይውላሉ። መንደሩ ያያል።

ያንን ያስቆመው እርሻው አልነበረም። አንጓች ከበቅሎዋ ላይ ሆና ሚካኤልን ማለፍ አልቻለችም። ባልታጠፈ ጉልበት መውረድ ደግሞ ስቃይ ነው፤ መልሶ መውጣቱ ይብሳል። መምሬ ሞገስ መንገድ ድረስ ወጥተው "ልጄ፣ ሕመም ላይ ነሽ፤ ላይዋ ሆነሽ ተሳለሚ" አሏት። ለመኗት ማለት ይቻላል። እሺ ትላቸዋለች። ደጀ ሰላሙ ሲደርሱ ግን አባቷን "ያውርዱኝ" ትላቸዋለች። ጠዋት ያወርዷታል፣ ከሰዓት ያወርዷታል፤ ላቧ ፊቷን እስኪያጥበው። አንድ ቀን ጠዋት በቅሎዋ ተጭና ደጅ ላይ ቆማ ሳለች አንጓች ከቤት ሳትወጣ ቀረች። አያ ታከለ ኮርቻውን ፈቱ።

ሌሎቹ የሾላ ሜዳ ቤተሰቦች ብስክሌቶቹን አንድ በአንድ መለሱልን። ሁሉም አጥበው፣ ወልውለው፣ አመስግነው ነው የመለሱት። አንዷ እናት ለድካማችን ብላ እንቁላል አምጥታ ነበር። ብስክሌቶቹ ሁሉ ተሰብስበው ትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ውስጥ ገቡ፤ መሪና ፔዳላቸው እርስ በርሱ ተጠላልፎ አንዱን ለማውጣት ሁሉንም ማንቀሳቀስ ያስፈልግ ነበር። ከዚያ ደግሞ ጊዜው ከፋ፤ መንገድ እየተዘጋ፣ ትምህርት ቤት እየተዘጋ፣ ሰው ከቤቱ መውጣት ሲቸገር ስለ ብስክሌት መናገር የሚያሳፍር ሆነ። ፕሮጀክቱ "ጊዜውን ጨርሷል" የሚል ደብዳቤ መጣ። አለቆቼ ወደ ሌላ ፕሮጀክት ተዛወሩ።

ጋሽ ደምሴ ከመሄዳቸው በፊት የአንጓችን ብስክሌት ጠገኑት። የፊት ጎማው የተሰካበት ሹካ ታጥፎ ነበር። ማንም እንዲያደርጉት አልጠየቃቸውም። እንጨት ላይ አስረው፣ እያሞቁ፣ ቀስ እያሉ አቃኑት። ሲጨርሱ ገልብጠው ጎማውን አሽከረከሩት፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙት። ከዚያ እየገፉ፣ ሳይወጡበት፣ ያንን ቁልቁለት ወርደው ቤቷ አደረሱላት። እኔም አብሬያቸው ነበርኩ።

"ያንቺ ነው" አሏት። "የሚነዳው ባይኖርም ሰንሰለቱን ዘይት አታስርቢው።" ትንሽ ጠርሙስ የማሽን ዘይት ሰጧት። በሁለት እጇ ተቀበለች። ጋሽ ደምሴ ባሕር ዳር ገቡ፤ ዓይናቸው እየደከመ ነው ይባላል።

ይህን እየጻፍኩ በነበረበት ሰሞን አንጓች የፎቶ ኮፒ ቤታችን መጣች። ሐኪም ሊያያት ከእናቷ ጋር ንፋስ መውጫ መጥታ ኖሮ፣ የመታወቂያ ኮፒ ጠይቀዋት ነው የገባችው። ከፋሲካ በኋላ ልታገባ ነው። ፊቷ የሙሉ ሴት ሆኗል። ስታየኝ በደስታ አፏን ሸፈነች።

"ቲቸር! እዚህ ነዎት?"

ወንበሬን ሰጠኋት፤ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች። ስለ አባቷ፣ ስለ መምሬ ሞገስ ጠየቅኋት። ደህና ናቸው። መምሬ አሁንም ሲያገኟት ቀድመው ይቆማሉ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ የደስታ ምሥጢር እንደምትነግረኝ ሆና፣ ጠጋ አለች።

"ብስክሌቷ እኮ አለች። ጣራ ሥር ሰቅያታለሁ። የጋሽ ደምሴ ዘይት አለቀብኝ፤ እኛ ዘንድ ደግሞ የማሽን ዘይት አይገኝም። በየወሩ በኑግ ዘይት እቀባታለሁ። አንድም ወር አላለፈኝ። ስሄድም ይዣት ነው የምሄደው፤ ሴት ልጅ ብወልድ ትማርባታለች።"

ማሽኑን ከፈትኩ። መታወቂያዋን መስታወቱ ላይ አስተኛሁ። ብርሃኑ ሲያልፍ ያንን ሰንሰለት አየሁት፤ በየወሩ አንድ ሽፋን፣ በሽፋኑ ላይ የጭሱ ጥላሸት፣ እንደገና ሽፋን። አንዱ ቀለበት ከአንዱ ጋር ተጣብቆ እንደ በትር የደረቀ። ኮፒውን ሰጠኋት። ጉንጬን ስማኝ ወጣች።

መታወቂያዋን መስታወቱ ላይ ረስታው ነበር። ሰው ሁሉ የሚረሳው ነገር ነው። ይዤ ወጣሁ። እሷና እናቷ መንገዱን ተሻግረው ሰው መሐል ገብተዋል።

"አንጓች!"

መንገዱ ሁሉ ዞረ። የባጃጅ ሾፌሮቹ ሳይቀሩ አንገታቸውን አወጡ። እሷ ቆማ ጠበቀችኝ። መታወቂያዋን ተቀብላ ሳቀች።

"ለካ ድምፅ አለዎት ቲቸር!"

እኔም ሳቅሁ። ልትሄድ ዞራ አንድ ነገር ትዝ እንዳላት ሰው ተመለሰች።

"የኑግ ዘይቱ ግን ጥሩ ነው አይደል? ዘይት አይደል?"

የትምህርት ቤቱ ግቢ፣ የአውድማው ጭድ፣ የጋሽ ደምሴ ጨርቅ ሁሉም ፊቴ ድቅን አሉ። ጎማዎቹም ይሄኔ ደርቀው ተሰነጣጥቀው ይሆናል፤ ዓይኗ ግን ከዓይኔ አልተነሣም።

"ጥሩ ነው" አልኳት። "ደግ አድርገሻል።"

ከእናቷ ጋር ሄደች። የከተማው ቤተ ክርስቲያን በር ትይዩ ሲደርሱ ቆመች፤ ያልታጠፈውን እግሯን ወደ ጎን አውጥታ፣ በእናቷ ትከሻ ተደግፋ፣ ዝቅ ብላ ተሳለመች። ለረጅም ጊዜ ቀና አላለችም።